ምርቱና መኪናው አብረው ይታሰቡ

በዚህ ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ፋብሪካ መኪና ለመጻፍ የደፈርሁት መሐንዲስ ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ አላለፈም፤ ሥራዬም በኩታበር ከአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሒሳብ መመዝገብና ፋይል መጠበቅ ነው። ነገር ግን የነጋዴ ጸሐፊ የሆነ ሰው፣ መኪናው ከመገዛቱ በፊት የዋጋ ማቅረቢያውን የሚያነብ፣ ከተገዛም በኋላ ዕዳውን ወር በወር የሚመዘግብ ስለሆነ፣ ሌላው ልብ ያላለውን ነገር ልብ የሚልበት ጊዜ አለ።

እኔ ልብ ያልሁት ነገር ይህ ነው። በእኛ አካባቢ ነጋዴው ወደ ፋብሪካ ሥራ ሲገባ መጀመሪያ መኪና ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ መኪናው የሚያወጣውን ምርት ይዞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ገበያው ሌላ ነገር ሲጠይቀው ደግሞ መኪናውን ሸራ አልብሶ ሌላ መኪና ለመግዛት ብድር ይጠይቃል። ምርቱን የሚያስበው አንድ ሰው ነው፤ መኪናውን የሚመርጠው ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አይነጋገሩም። በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ገንዘብ በማንም መዝገብ ላይ ኪሳራ ተብሎ ስለማይጻፍ ሰው ሁሉ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

የራሳችንን ቤት ነገር ልንገራችሁ። አሠሪዬ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስለማይወዱ ሐጂ እያልሁ በማዕረጋቸው ብቻ እጠራቸዋለሁ። ሐጂ በ2011 ዓ.ም. አንድ የማሸጊያ መኪና ገዙ። ሐሳባቸው የአተርና የምስር ክክ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እያደረጉ በላስቲክ አሽገው ለደሴና ለኮምቦልቻ ሱቆች ማከፋፈል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መኪናውም ክፉ አልነበረም። እህሉ ከላይ በአፉ ይገባል፤ በመስፈሪያ ኩባያ ይሰፈራል፤ ላስቲኩ ከጥቅሉ እየተተረተረ በአንድ የብረት አንገት ዙሪያ ይጠቀለልና ቱቦ ይሆናል፤ የጋለ ብረት ታችና ላዩን ያትመዋል፤ ከዚያም ተቆርጦ ይወድቃል። ሐጂ ወንበር አስመጥተው ግማሽ ቀን ሙሉ ሲመለከቱት ትዝ ይለኛል።

ስድስት ወር ሳይሞላ ባለሱቆቹ ሁለት ነገር ጠየቁ። አንደኛው ሩብ ኪሎ ነበር፤ ኑሮው ሲወደድ ሰው በትንሽ በትንሹ መግዛትን መርጦአልና። ሁለተኛው ሽሮ ነበር። ለሩብ ኪሎው አነስ ያለ መስፈሪያ ያስፈልግ ነበር፤ እኛ ግን ከመኪናው ጋር የገዛነው አንድ መጠን ያለውን ብቻ ነበር። የሽሮው ነገር ከዚህ ይብስ ነበር። ክክ በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ዱቄት ግን እንዲህ አይወርድም፤ በአፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይናዳል። ብናኙም በሚታተመው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ላስቲኩ አልያያዝ ይላል። ዱቄት የሚሰፈረው በኩባያ ሳይሆን በሚሽከረከር ጠመዝማዛ ብረት መሆኑን የተረዳነው ሁለት ኩንታል ሽሮ ካባከንን በኋላ ነው።

ለሻጩ ስልክ ደውዬ ነገሩን ብነግረው፣ «ያን ጊዜ ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮ መስፈሪያው የሚነቀልና የሚለወጥ የሆነውን ዓይነት አመጣላችሁ ነበር፤ የዋጋው ልዩነትም ብዙ አልነበረም» አለኝ። በሰውየው ላይ ልፈርድበት አልቻልሁም። ሦስት ጊዜ ስጽፍለት አንድም ጊዜ ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ለመሸጥ እንደምናስብ አልገለጽሁለትም፤ እኛም ራሳችን አልተነጋገርንበትም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ደርሶ መጋዘናችን ሲዘረፍ፣ ሚዛኑም ከረጢቱም የቢሮዬ ወንበር እንኳ ሳይቀር ሄዶ ያ መኪና ብቻ በቦታው ቀረ። ዘራፊ እንኳ ያልፈለገው ንብረት እያሉ ሐጂ እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል። እኔ ግን የመጨረሻውን የዕዳ ክፍያ የመዘገብሁት እኔ ስለሆንሁ አብሬ መሳቅ ይከብደኛል።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁትም ችግሩ የኩታበር ብቻ እንዳልሆነ አሳየኝ።

የአሜሪካው ሄንሪ ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ሠርቶ ከ15 ሚሊዮን በላይ አወጣ። ፋብሪካው ለዚያ ለአንድ አውቶሞቢል ብቻ የተበጀ ነበር፤ እያንዳንዱ መኪና አንዲት ክፍል ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ስለተተከለ የአውቶሞቢሉ ዋጋ ከዓመት ዓመት እየረከሰ ሄደ። ገበያው ግን አዲስ ዓይነት ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1927 ፎርድ ሞዴል ኤ ወደሚባለው አዲስ አውቶሞቢል ለመዞር ሲነሣ ፋብሪካውን ለስድስት ወር ያህል መዝጋት ግድ ሆነበት። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎች ወይ ተጣሉ ወይ እንደገና ተሠሩ፤ ሠራተኛውም ያለ ሥራ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሸቭሮሌት በሽያጭ ፎርድን ቀደመው። የሸቭሮሌትን ፋብሪካ ይመሩ የነበሩት ዊሊያም ክኑድሰን ቀድሞ ለፎርድ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው ግን ለአንድ ክፍል ብቻ የተበጁ መኪናዎችን ከመትከል ይልቅ ለልዩ ልዩ ሥራ የሚስማሙ መኪናዎችን መረጡ። ስለዚህ ከአራት ሲሊንደር ሞተር ወደ ስድስት ሲሊንደር ሲዞሩ የፈጀባቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። አንዱ ፋብሪካ ስድስት ወር ሲዘጋ ሌላው በሳምንታት የዞረበት ምክንያት የብልኃት ማነስና መብዛት አይመስለኝም፤ ፎርድም ብልህ ሰው ነበር። ልዩነቱ አንደኛው መኪናውን ሲተክል የሚቀጥለውን ምርት ማሰቡ ነው።

ይህ ሐሳብ በትምህርት ደረጃ ስም ያገኘው ብዙ ዘግይቶ ነው። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ዮራም ኮረን የተባሉ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1996 የምርምር ማዕከል አቋቁመው፣ በ1999 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ዳግም ሊዋቀር ስለሚችል የፋብሪካ አሠራር አብራርተዋል። ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ። ሁለት ዓይነት ፋብሪካ ቀድሞ ነበር። አንደኛው ለአንድ ምርት ብቻ የተተከለ ነው፤ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ምርቱ ሲለወጥ ግን ይሞታል። ሁለተኛው በኮምፒዩተር የሚታዘዝና ሁሉን ልሥራ የሚል ነው፤ ይህ ዋጋው ውድ፣ ሥራው ዝግ ያለ፣ ብዙው ችሎታውም ሳይሠራበት የሚኖር ነው። ፕሮፌሰሩ ያቀረቡት ሦስተኛ መንገድ፣ መኪናው ለአንድ ምርት ሳይሆን ለአንድ የምርት ቤተሰብ እንዲበጅ ነው። ክፍሎቹ እየተነቀሉ የሚተኩ፣ እርስ በርስ ያለ ችግር የሚገጣጠሙ፣ ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው በአጭር ጊዜ የሚዞሩ፣ አቅማቸውም እንደ ገበያው የሚጨመርና የሚቀነስ ይሆናሉ፤ ከተዞረም በኋላ ብልሽቱ የት እንዳለ ቶሎ የሚታወቅበት ዘዴ አብሮ ይሠራል።

የምርት ቤተሰብ የሚለውን ቃል ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ ሸማኔ ነው። ሸማኔው በዚያው በጉድጓዱ ተቀምጦ፣ በዚያው መወርወሪያ፣ ዛሬ ለጋቢ የሚሆን ወፈር ያለ፣ ነገ ለነጠላ የሚሆን ሳሳ ያለ ሸማ ይሠራል፤ ጥለት ሲፈለግም ባለ ቀለም ማግ ያስገባል። ምንጣፍ ሥራ ቢሉት ግን አይሆንም ይላል፤ ያ ሌላ ቤተሰብ ነውና። ድሩን ሲዘረጋም ምን እንደሚሠራበት አስቀድሞ ያውቃል። ፕሮፌሰሩ በብዙ ገጽ የጻፉትን የእኛ ሸማኔ አያቱ አስተምረውታል ብል የተማሩት ሰዎች እንደማይቆጡኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ወደ ማሸጊያችን ልመለስ፤ ከዚህ ላይ የነገሩ ፍሬ ይገኛልና። ክክ፣ ድፍን ምስርና ቅንጬ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በራሳቸው ይወርዳሉና በኩባያ ይሰፈራሉ። ሽሮ፣ በሶና ዱቄት ሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ በጠመዝማዛው ይሰፈራሉ። ከመስፈሪያው በታች ያለው የመኪናው አካል፣ ላስቲኩን የሚጎትተው፣ የሚያትመውና የሚቆርጠው፣ ለሁለቱም ያው ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ራሱ የሚነቀል መኪና ብንገዛ ኖሮ በአንድ አካል ሁለት ቤተሰብ ባስተዳደርን ነበር። ለዱቄቱ ብናኝ መሳቢያ መጨመርና በየለውጡ መኪናውን ማጽዳት ግን አይቀርም፤ የአተር ብናኝ በገብስ በሶ ውስጥ የሚፈልግ ደንበኛ የለም።

ከዚህ የበለጠ ያስደነቀኝ ደግሞ የላስቲኩ ነገር ነው። የከረጢቱን ስፋት የሚወስነው ያ የብረት አንገት ነው፤ ርዝመቱን የሚወስነው ግን ላስቲኩ ምን ያህል እንደሚጎተት ነው። ስፋት ለመለወጥ አንገቱን መፍታት፣ ሌላ አንገት መግጠምና ሌላ የላስቲክ ጥቅል መስቀል ያስፈልጋል፤ ርዝመት ለመለወጥ ግን ማስተካከያውን ማዞር ይበቃል። ስለዚህ ሩብ ኪሎውና ግማሽ ኪሎው ስፋታቸው አንድ፣ ርዝመታቸው ብቻ የተለያየ እንዲሆን አስቀድሞ ቢነደፍ፣ ለሁለቱም አንድ አንገትና አንድ ጥቅል በበቃ ነበር። አንድ ኪሎው በዚያው ስፋት ቢሠራ እንደ ካልሲ ይረዝማልና ለእሱ ሁለተኛ አንገት ይገዛል። እኛ ግን የግማሽ ኪሎውን ከረጢት መልክ ያስነደፍነው በደሴ ከአንድ ማተሚያ ቤት ነው፤ ነዳፊው ሥዕሉ እንዲያምር እንጂ መኪናችን ምን ዓይነት አንገት እንዳለው አላወቀም፤ እኛም አልነገርነውም። ለሩብ ኪሎው በኋላ ያስነደፍነው ከረጢት ስፋቱ በሦስት ጣት ያህል ያንሳል። ስለምን እንዳነሰ ብትጠይቁኝ መልስ የለኝም። እንዲያው እንዲሁ ሆነ። ምርቱ ሲነደፍ መኪናው ይታሰብ፣ መኪናው ሲመረጥም ምርቱ ይታሰብ የምለው እንግዲህ ይህን የመሰለውን ነገር ነው። ይህን ለማድረግ ኮምፒዩተርም ሆነ የውጭ አገር ባለሙያ አላስፈለገንም ነበር፤ ሦስት ሰዎች አንድ ከሰዓት በኋላ ቢቀመጡ ይበቃ ነበር።

አሁን ሐጂ ከሁለት ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በኮምቦልቻ እህል የሚያበጥር፣ የሚከካ፣ የሚፈጭና የሚያሽግ ፋብሪካ ለመትከል አስበዋል። የዋጋ ማቅረቢያዎቹ በጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ይህን ሐሳቤን በነገርኋቸው ጊዜ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አንድ መኪና አንድ ሥራ ሲይዝ ነው ሥራ የሚሆነው። ሁሉን እችላለሁ የሚል መኪና እንደ ሁሉን ዐዋቂ ሰው ነው፤ አንዱንም አይጨርስም። ለማላውቀው ገበያ ዛሬ ለምን እከፍላለሁ?»

የሐጂ ቃል እውነትነት አለው፤ እኔም አልሸፍነውም። ዓመት እስከ ዓመት አንድ ዓይነት ጠርሙስ የሚሞላ የቢራ ፋብሪካ የሚነቃቀል መኪና ቢገዛ ገንዘቡን በከንቱ ያባክናል። ሽያጩ የታወቀ፣ መጠኑ ብዙ፣ መልኩ የማይለወጥ ምርት ያለው ሰው ለአንድ ሥራ ብቻ የተበጀውን ይግዛ። የሚነቀለው ክፍልም ያለ ዋጋ አይመጣም፤ መገጣጠሚያው በበዛ ቁጥር የሚላላውና የሚያፈስሰው ቦታ ይበዛል፤ ፈትቶ የሚገጥም ሠራተኛም ማሠልጠን ይጠይቃል። ነገር ግን ሐጂ የማያውቁት ገበያ ብለው የጠሩት ገበያ በእርግጥ የማይታወቅ ነው ወይ? ሩብ ኪሎ እንደሚጠየቅ የትኛውም ባለሱቅ ይነግረን ነበር። ሽሮ በማይበላበት አገር አይደለም ያለነው። እኔ የምለው ሁሉንም ለመሥራት ተዘጋጁ አይደለም፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የምትሸጡትን በወረቀት ጻፉና መኪናው ለዚያ ወረቀት ይበጅ ነው። በወረቀቱ ላይ የሌለውን ምርት መኪናው ባይሠራው አላዝንም።

የቅርብ ጊዜውም ታሪክ ይህን ያሳያል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙዎቻችን በደስታ ተመልክተናል። በዚያን ጊዜ በአገራችን ፓርኮች የሚሰፋ ልብስ ዋናው ተስፋው አጎዋ በሚባለው ከቀረጥ ነጻ ዕድል ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዚያ ዕድል ወጣች፤ ለአንድ ገዢ አንድ ዓይነት ልብስ ይሰፋ የነበረ ሁሉ በአንድ ቀን ሌላ ገዢና ሌላ ልብስ መፈለግ ግድ ሆነበት። የልብስ ስፌት በተፈጥሮው ለመዞር የሚመች ሥራ ነው፤ የስፌት መኪናዎቹ ለየብቻቸው ስለቆሙ ለእያንዳንዱ ልብስ ሰልፋቸው እንደገና ይደረደራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የነበሩ ፋብሪካዎች ሸሚዝና የመሳሰለውን ከመስፋት ወደ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ በአጭር ጊዜ የዞሩት ስለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ዕድል ግን ለእህል ወፍጮ፣ ለፕላስቲክ ሥራ ወይም ለብረት ማጠፊያ በራሱ አይገኝም። እዚያ አስቀድሞ ካልታሰበ መኪናው ከመሠረቱ ጋር በሲሚንቶ የታሰረ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥፋት ጊዜ የደሴና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች ሲዘረፉና ሲሰባበሩ ያላየ ማን አለ? ከዚያ በኋላ ባለንብረቱ በተቻለው መጠን ጠፍቶበት የነበረውን ተካ። እኔ ከማውቃቸው ሰዎች መካከል አብዛኞቹ የጠፋውን ያንኑ ዓይነት መኪና ፈልገው ገዙ። ሐዘን ያለበት ሰው የለመደውን ቢፈልግ አይፈረድበትም። ሆኖም ባዶ ወለል ማለት ምርቱንና መኪናውን አንድ ላይ እንደገና ለማሰብ የሚገኝ ብርቅ ጊዜ ነበር፤ ብዙዎቻችንም ሳንጠቀምበት አለፈ።

ዛሬ ስሕተቱ ከቀድሞው ይልቅ ውድ ሆኖአል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ሐጂ በ2011 ዓ.ም. የከፈሉት ዋጋ ዛሬ የዚያኑ መኪና ግማሽ እንኳ አይገዛም። እንግዲህ ሁለት ጊዜ መሳሳት የሚችል ነጋዴ በእኛ መካከል ስንት አለ?

ስለ አበዳሪዎችም አንድ ነገር ልበል። ልማት ባንክ መኪናውን ራሱ ገዝቶ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ኢንዱስትሪ በኪራይ የሚያቀርብበት አሠራር ለነጋዴው ትልቅ ደጋፊ ነው፤ በክልላችንም የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ የሚሰጥ ድርጅት አለ። እኔ እስካሁን ያዘጋጀኋቸው የጥናት ወረቀቶች ሁሉ ግን አንድ ምርት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ዋጋ የሚሉ ነበሩ። ከዋጋ ማቅረቢያው ግርጌ ተጨማሪ አንገት፣ ተጨማሪ መስፈሪያ፣ ተጨማሪ ወንፊት የሚሉት መሥመሮች ወጪ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚሰረዙ ናቸው። በበኩሌ ብዙ ጊዜ በገዛ እስክሪብቶዬ ሰርዣቸዋለሁ። እነዚያን መሥመሮች አበዳሪው ራሱ ሊጠይቅባቸው ይገባል ባይ ነኝ፤ «ይህ ምርት ባይሸጥ በዚህ መኪና ሌላ ምን ትሠራለህ?» የሚል አንዲት ጥያቄ በቅጹ ላይ ብትጨመር ለባንኩም ዋስትና ናት። መልስ ያለው መኪና ከተበዳሪው ቢወሰድ እንኳ ሌላ ተከራይ ያገኛል።

ምክር ቤታችን ደግሞ በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በደጃችን መኖሩን ይጠቀምበት። መኪና ለመግዛት ያሰበ አባል የዋጋ ማቅረቢያውንና የምርቱን ናሙና ይዞ ከመምህራኑ ጋር የሚቀመጥበት ቀን በወር አንድ ጊዜ ቢመደብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የቶርኖ ቤት ባለሙያዎችም ከዚያ ስብሰባ መቅረት የለባቸውም። የማሸጊያ አንገት ከማይዝግ ላሜራ የሚሠራ ነው፤ ኩባያውም እንዲሁ። ልኩ በሥዕል ከተሰጣቸው የሚሠሩ እጆች በደሴም በኮምቦልቻም አሉ። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ባለፈው ዓመት ያን የተረሳ መኪና ሸራውን ገልጬ የኩባያውን ልክ በሜትር ወስጄ ነበር። አንድ የደሴ ቶርኖ ቤት የሩብ ኪሎ ኩባያ ሠርቶልኛል፤ ሩብ ኪሎ ምስርም በትክክል ይሰፍራል። ለሽሮው የሚሆነው ጠመዝማዛ ግን ከእኛ አቅም በላይ ሆነ፤ የመኪናው አናት ተበይዶ የተያያዘ ስለሆነ ሌላ ራስ አይቀበልም።

ያቺን የሩብ ኪሎ ከረጢት ይዤ ወደ ሐጂ ገባሁ። አገላብጠው አዩአት፤ በእጃቸውም መዘኑአት። ከዚያ በኋላ የኮምቦልቻውን ፋብሪካ የዋጋ ማቅረቢያዎች አምጪ አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው ከግርጌ የሰረዝኋቸውን መሥመሮች አንድ በአንድ እያሳዩ ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ለምን ይሆናል እያሉ ጠየቁኝ። ለሻጩ የሚላከው ደብዳቤ ተጽፎ አልቆአል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የምንሸጣቸው ዘጠኝ ዓይነት ምርቶች ከነክብደታቸውና ከነከረጢታቸው ስፋት ተያይዘውበታል። ሐጂ ከዘጠኙ ውስጥ ሁለቱ ይውጡ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ በሶው ይቅር አልልም። እስክንስማማ ድረስ ደብዳቤው ሳይፈረም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ።